ለእናቴ ግቢ ገመድ አልባ ካሜራ ይበቃል?

ጠያቂ፦ የሽምብጥ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የእኔ ኑሮ አዲስ አበባ ነው፤ እናቴ ግን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ባለው የቤተሰባችን ግቢ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ከዋናው ቤት ጀርባ ባሉት አራት ሰርቪስ ክፍሎች ተከራዮች ቢኖሩም አብዛኞቹ ተማሪዎች ስለሆኑ ትምህርት ሲዘጋ ወደየቤተሰቦቻቸው ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ግቢው ጭር ይላል። ዋናው ቤት በብሎኬት የተሠራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ሲሆን፣ ከበረንዳው እስከ ግቢው የብረት በር 25 ሜትር ያህል ይርቃል፤ በመሃል አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ።

ባለፈው ሐምሌ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ሌሊት፣ ከጉድጓዱ አጠገብ የነበረው የውኃ መሳቢያ ሞተር ተሰረቀ። ጠዋት የደረሰችው የወንድሜ ሚስት ፎቶ አንሥታ ስትልክልኝ ከሁሉ ያስደነቀኝ የሌባው እርጋታ ነበር፤ ቱቦውን አልቆረጠውም፤ አራቱን ብሎኖች በመፍቻ ፈትቶ በጉድጓዱ ክዳን ላይ ጎን ለጎን ደርድሯቸው ነው የሄደው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስላደረ እናቴ ምንም አልሰማችም፤ ውሻውም ከሰርቪሱ በረንዳ ተጠልሎ ድምፁን ሳያሰማ አድሯል። ዘበኛ ልቅጠርልሽ ብላት ደግሞ «ቁርስና ምሳውን ስሠራለት ልውል ነው?» ብላ እምቢ አለችኝ።

ስለዚህ ወደ ካሜራ ዞርኩ። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያናገርኩት ሻጭ ገመድ አልባውን ካሜራ እያሳየኝ «ግድግዳ መብሳት የለ፣ ገመድ መሳብ የለ፤ ባሕር ዳር ያለውን ግቢ እዚሁ ቁጭ ብለህ በስልክህ ታያለህ» አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ በበኩሉ ገመድ የሌለው ካሜራ መጫወቻ እንጂ መጠበቂያ አይደለም ባይ ነው። በቤቱ የዋይፋይ መስመር ገብቷል፤ ነገር ግን በክረምት መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔቱም አንዳንዴ ይቋረጣል። እንግዲህ ጥያቄዬ እንዲህ ያለው ካሜራ መብራትም ኢንተርኔትም በሌለበት ሌሊት ምን ይሠራል የሚል ነው፤ የእኛ ሌባ የመጣው ልክ እንዲያ ባለው ሌሊት ነበርና። ካሜራውን ባዕድ ሰው ከሩቅ ሰብሮ ሊገባበት ይችላል ስለሚባለውም የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።


ምላሽ፦ ገመድ ዘርጊው

ወንድሜ፣ እንኳን ነገሩ ከሞተሩ አላለፈ። ሥራዬ ካሜራ መግጠም ነው፤ ከቀበሌ 14 እስከ ዓባይ ማዶ በገመድም ያለ ገመድም ገጥሜአለሁ፤ ስለዚህ ባልደረባዎም ሻጩም በከፊል ትክክል ናቸው ብል ለማስታረቅ ብዬ እንዳይመስልዎት።

በመጀመሪያ ቃሉ ራሱ እንዳያሳስትዎት። በገበያ «ገመድ አልባ» የሚባለው ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው። አንደኛው ምስሉን በዋይፋይ ይልካል እንጂ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከሶኬት በአዳፕተር ነው፤ ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚያዩት ይህ ሲሆን፣ ገመድ የለውም የተባለውን ካሜራ ገመድ ከካርቶኑ ውስጥ ሲያገኝ የሚናደድ ደንበኛ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ሁለተኛው በባትሪ፣ አንዳንዴም በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ የሚሠራ ነው። ይህኛው በእርግጥ ምንም ገመድ የለውም፤ ነገር ግን ባትሪውን ለመቆጠብ ሲል ቀኑንም ሌሊቱንም ተኝቶ ነው የሚውለው። የሰውነት ሙቀት የሚለይ መቀስቀሻ አለው፤ ሰው ከፊቱ ሲያልፍ ይነቃና ጥቂት ሴኮንዶች ቀርጾ ተመልሶ ይተኛል። እስኪነቃ ድረስ ሰውየው አልፎ ጀርባው ብቻ የሚቀረጽበት ጊዜ አለ። መቀስቀሻው በካሜራው ፊት ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጠውን ሰው በደንብ ያያል፤ በቀጥታ ወደ ካሜራው የሚመጣውን ግን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የባትሪ ካሜራ ከመንገድ ጎን እንጂ ከመንገድ ፊት ለፊት አይሰቀልም።

የሁለቱም ጥቅም እውነተኛ ነው። ያለቀ ቤት ግድግዳ አይበሳም፤ አንድ ካሜራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተገጥሞ ይሠራል፤ ቦታው ካልተመቸ ነገ ነቅለው ሌላ ጥግ ይሰቅሉታል፤ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሲለቅ ይዞት ይሄዳል። ለእኛ አገር የማይነገር አንድ ጥቅም ልጨምር። በግቢ ውስጥ ከቤት እስከ በር የተዘረጋ ረጅም የመዳብ ገመድ በሐምሌና በነሐሴ መብረቅ አጠገብ ሲወድቅ እንደ አንቴና ሆኖ ኃይሉን የካሜራዎቹ ምስል ወደሚከማችበት ሳጥን፣ ወደ መቅረጫው፣ ይዞት ይገባል። ስምንት ካሜራ የተሰካበት መቅረጫ በአንድ ብልጭታ ሲቃጠል አይቻለሁ። ገመድ አልባው ቢመታም ብቻውን ነው የሚሞተው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከርቀቱ ነው። ብዙዎቹ እነዚህ ካሜራዎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብቻ ነው፤ ይህ ሞገድ ከሌላው የዋይፋይ ሞገድ፣ ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ ግድግዳን የማለፍ አቅም ቢኖረውም ቆርቆሮና ብረት ግን ይመልሱታል። የብሎኬት ግድግዳ ያዳክመዋል፤ ዝናብ ያረሰው የማንጎ ቅጠል እንኳ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ምንም የማያስወጣ ሙከራ ያድርጉ፦ አንድ ሰው የስልኩን ዳታ አጥፍቶ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ በቪዲዮ እየደወለልዎ፣ ካሜራው ሊሰቀል ከታሰበበት ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ ይቁም። ምስሉ እዚያ ከተቆራረጠ ካሜራውም ይቆራረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ሰዎች ዋይፋይንና ኢንተርኔትን አንድ አድርገው ይናገራሉ፤ በካሜራ ጉዳይ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሞደሙ መብራት እስካለው ድረስ ዋይፋዩ አይጠፋም፤ ካሜራው በውስጡ ባለው ሚሞሪ ካርድ ላይ፣ ወይም እዚያው ቤት ውስጥ በተቀመጠ መቅረጫ ላይ መቅረጹን ይቀጥላል። እርስዎ ብቻ ከአዲስ አበባ አያዩትም። መብራት ሲጠፋ ግን ሞደሙም በሶኬት ያለው ካሜራም አብረው ይጠፋሉ፤ የባትሪ ካሜራም ቢሆን ሞደሙ ከጠፋ በካርዱ ላይ ይቀርጽ ይሆናል እንጂ ማስጠንቀቂያ ሊልክልዎ አይችልም። ስለዚህ የካሜራው ዋጋ ከመጠባበቂያ ኃይሉ ጋር ነው መታሰብ ያለበት።

ለዚህ በየሱቁ የሚሸጠው ትንሽ የሞደም መጠባበቂያ አለ፤ ላዩ ላይ 8800 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ ይጻፍበታል። ይህ ቁጥር የተሰላው በሴሉ 3.7 ቮልት ስለሆነ፣ ወደ ዋት ሰዓት (አንድ ዋት የሚወስድ ዕቃ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ወደሚያሳየው መለኪያ) ሲለወጥ 32 ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ሞደሙ 8 ዋት፣ ካሜራው 5 ዋት ቢወስድ ከብክነቱ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ያቆያችኋል፤ ለምሽት ይሆናል፣ ለሌሊት አይሆንም። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ባለ 12 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ከቻርጀሩ ጋር ነው፤ እሱ 240 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚይዝ ያንኑ ጭነት ከ15 ሰዓት በላይ ይሸከማል።

የገመዱ ብልጫም እዚህ ላይ ነው። በኔትወርክ ኬብል የሚሠራ ካሜራ ኃይሉንም ምስሉንም በዚያው በአንድ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይወስዳል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ባለው አንድ ባትሪ ብቻ የግቢው ካሜራዎች ሁሉ ይሠራሉ። ገመድ አልባዎቹን ግን እያንዳንዳቸውን በየተሰቀሉበት መመገብ ግድ ነው። የዋይፋይ ሞገድንም ሆን ብሎ በመሣሪያ ማወክ እንደሚቻል ይወቁ፤ ሰፈራችን ውስጥ ሞተር በመፍቻ የሚፈታ ሌባ ይህን ይዞ ይመጣል ብዬ ባላስብም፣ ካርድ ያለው ካሜራ በዚያን ጊዜም መቅረጹን አያቆምም።

ስለ ካርዱ ደግሞ፣ ካሜራው በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚጽፍ ከሆነ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል፤ እንግዲህ ባለ 128 ጊጋባይት ካርድ ስድስት ቀን አካባቢ ይዞ የቆየውን መደምሰስ ይጀምራል። ፎርጅድ ካርድ በገበያ ሞልቷል፤ 128 ተብሎ 8 ብቻ የሚይዝ ካርድ ችግሩ የሚታወቀው ሌባው ከሄደ በኋላ ነው። እንደ ካሜራ ላለ ሳያቋርጥ ለሚጽፍ ዕቃ የተሠራውን ይግዙ፤ ገዝተውም በኮምፒውተር ሞልተው ይፈትኑት።

የፀሐይ ሰሌዳ ከመረጡ ከማንጎው ጥላ ያርቁት፤ ወደ ደቡብም አብዝተው አያዘንብሉት። በባሕር ዳር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ደመናው ተጨምሮበት ሰሌዳዎ ጀርባውን ከሰጣት ባትሪው በሚፈለግበት ወር ባዶ ይሆናል።


ምላሽ፦ የሐይቅ ዳር እንግዳ ማረፊያ

ገመድ ዘርጊው የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ ገዝቼ ከተጠቀምኩት የተማርኩትን ልጨምር። ጣና ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ፤ ሦስት ገመድ አልባ ካሜራዎች ከገጠምኩ አራተኛ ዓመቴ ነው።

በሐይቅ ዳር የካሜራ የመጀመሪያው ጠላት ሌባ አይደለም፣ ትንኝ ነው። ካሜራዬ ሌሊት እንቅስቃሴ ሲያይ ነጭ መብራት የሚያበራ ዓይነት ነበር፤ መብራቱ ትንኙን ይጠራል፣ ትንኙ እንቅስቃሴ ይሆናል፣ እንቅስቃሴው ደግሞ መብራቱን ያበራል። በአንድ ሌሊት ስልኬ ላይ ከመቶ በላይ ማስጠንቀቂያ ተደርድሮ ያደረበትን ቀን አልረሳውም። ነጩን መብራት አጥፍቼ በዓይን በማይታየው ብርሃን ብቻ እንዲቀርጽ ሳደርገው ነገሩ ቀነሰ፤ ሆኖም ትንኝ ወደ መስተዋቱ ተጠግቶ ሲያልፍ አሁንም በምስሉ ላይ እንደ ነጭ ኳስ ይታያል። ትንኙ ሲበዛ ሸረሪቷ ትከተላለች፤ ድሯን ከካሜራው ፊት ትዘረጋለች፤ ድሩ ላይ ጠዋት ጤዛ ሲያርፍበት ከዚያ ወዲህ የሚታየው ድሩ ብቻ ነው። አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለውን ካሜራ ደግሞ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውጭ አወጣሁት፤ ምክንያቱም የሌሊቱ ብርሃን ነጭ ቀለም ከተቀባው ክፈፍ ላይ እየተመለሰ ግቢውን ጨለማ ያደርገው ነበር።

ማስጠንቀቂያው ሲበዛ ሰው ማየቱን ይተዋል፤ እኔም ትቼው ነበር። ዘንባባው በነፋስ ሲወዛወዝ፣ ጥላው ሲንቀሳቀስ፣ ድመት ሲያልፍ ሁሉ ይጮሃል። በመጨረሻ ሰውን ብቻ ለይቶ የሚያሳውቀውን አማራጭ አብርቼ፣ የሚጠበቀውን ክልል በበሩና በጀልባ መቆሚያው ብቻ ወሰንኩት። እናትዎ ጋ የማንጎው ቅርንጫፍ ከሚጠበቀው ክልል ውጭ እንዲሆን ከመጀመሪያው ቀን ያስቡበት።

ከሦስቱ አንዱ ካሜራ ዋይፋይ ስለማይደርሰው በሲም ካርድ የሚሠራ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥና መቋረጡ ወራት ሲያስቆጥር ያ ካሜራ ከሩቅ ምንም አላሳየኝም፤ በካርዱ ላይ መቅረጹን ግን አላቆመም ነበር፤ እኔም በየጥቂት ቀኑ መሰላል ይዤ ወጥቼ ካርዱን እያወጣሁ በኮምፒውተር አይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምስሉን በኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ፣ ካርድ የማይቀበል ካሜራ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ የሰዓቱን ጉዳይ ቀላል አድርገው አይዩት። ከጀልባ መቆሚያው አንድ ጀሪካን ነዳጅ የጠፋ ጊዜ እኔ ከተማ አልነበርኩምና ለሠራተኛዬ ደውዬ «ምሽት 2፡40 ላይ ያለውን ፈልግ» አልኩት። እሱ በካሜራው ላይ 02:40 የሚለውን ከፈተ፤ ያ ግን በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8፡40 ስለሆነ ባዶ መቆሚያና ጭጋግ ብቻ አየ። መፈለግ የነበረበት 20:40 ነበር። ስሕተቱን ያወቅነው ከሳምንት በኋላ ስለነበር ካርዱ ራሱን ደምስሶ ጨርሷል። አሁን በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የሁለቱ ሰዓቶች ማነጻጸሪያ ወረቀት ተለጥፏል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔት ካልመጣ ደግሞ አንዳንዱ ካሜራ ቀኑን ረስቶ 1970 ብሎ ይጀምራልና ያንንም ይከታተሉ።


ምላሽ፦ ተከራይ የነበረች

ስለ ሌባው ብዙ ስለተባለ ስለ ተከራዮቹ ልናገር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንደ እናትዎ ባለ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ነበር። አከራያችን አንድ ቀን ከበረንዳቸው ላይ ካሜራ ሰቀሉ፤ ለማንም አልተናገሩም። ካሜራው የጋራ መጸዳጃ ቤቱን በርና ልብስ የምናሰጣበትን ገመድ ቁልጭ አድርጎ እንደሚያሳይ ያወቅነው የአከራያችን ልጅ «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት እንደገባሽ አይቻለሁ» ብሎ ሲቀልድብኝ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፎጣዬን ሳልከናነብ ከክፍሌ ወጥቼ አላውቅም፤ ወሩ ሲያልቅም ለቀቅሁ።

የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተደነገገ መብት ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። እኔ የሕግ ባለሙያ ስላልሆንኩ አዋጁን እዚህ ልተነትን አልሞክርም፤ ነገር ግን የሰው ፊትና የመግቢያ መውጫ ሰዓት የሰውየው እንጂ የአከራዩ ንብረት አለመሆኑን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም። ተከራዮቹን ሰብስበው ካሜራው የት እንደሚሰቀል፣ ምን እንደሚያይ፣ ማን ብቻ እንደሚከፍተውና ከስንት ቀን በኋላ እንደሚጠፋ ይንገሯቸው። የክፍል በር፣ መስኮት፣ መጸዳጃና የልብስ መስጫ ገመድ ከምስሉ ይውጡ፤ ማዞር ካልተቻለ በብዙ ካሜራዎች ማስተካከያ ውስጥ የምስሉን ክፍል በጥቁር የሚሸፍን አማራጭ አለ። ብዙ ሰው የሚረሳው ድምፁን ነው፤ እነዚህ ካሜራዎች ማይክሮፎን አላቸው፤ ተማሪዎች በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩት ሁሉ አዲስ አበባ መሰማት የለበትምና ያጥፉት። የጎረቤት ግቢም እንዲሁ ከምስሉ ይውጣ። ያደረጉትን ሁሉ ለጎረቤት ቢያሳዩ ደግሞ ወዳጅ እንጂ ባለጋራ አያፈሩም።


ምላሽ፦ ቀበሌ 11

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ካሜራ ሌባ አይዝም። እርስዎ አዲስ አበባ ሆነው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሌባውን በስልክዎ ቢያዩት ምን ሊያደርጉ ነው? ባስ ተይዞ የሚደረስበት ቦታ አይደለም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሞተሩን በብረት ሳጥን አስገብቼ አስበይደዋለሁ፤ ከዚያ በግቢው ላይ በእንቅስቃሴ የሚበራ የፀሐይ አምፖል እሰቅላለሁ፤ ካሜራው ቀጥሎ ይምጣ። ማስጠንቀቂያውም ከእርስዎ ሌላ አጠገብ ላለ ለሚታመን ጎረቤት ስልክ ይድረስ።


ጠያቂ፦ የሽምብጥ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የወንድሜን ልጅ ልኬ የቪዲዮ ሙከራውን አደረግን። ከበረንዳው ጥግ ላይ ምስሉ ጥሩ ነበር፤ ከጉድጓዱ አጠገብም አልተቆራረጠም፤ ማንጎውን አልፎ ወደ ብረት በሩ ሲጠጋ ግን ፊቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀረና ድምፁም ጠፋ። ስለዚህ ለበሩ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አንድ ገመድ ለማስቀበር፣ ለጉድጓዱና ለበረንዳው ደግሞ ገመድ አልባ ለማድረግ አስቤአለሁ። ሞተሩን በሳጥን ማስበየዱን አስቀድሜ አሠርቻለሁ፤ ቀበሌ 11፣ እውነትዎን ነው።

እናቴ ስለ ካሜራው ስነግራት የጠየቀችኝ ነገር ያላሰብኩት ነበር። ሌባውን ስለማየት ምንም አላለችም፤ ሌሊት በር ሲንኳኳ ሳትወጣ ማን እንደሆነ ማየት ትችል እንደሆነ ነው የጠየቀችኝ። ስልኳ ትንሽ ስለሆነ ለዚህ ምን ይሻላል? ስለ ሰርጎ መግባቱም መልስ አላገኘሁም።


ምላሽ፦ ገመድ ዘርጊው

ያሰቡት አደረጃጀት እኔም የማደርገው ነው። ገመዱን ሲያስቀብሩ በሁለቱም ጫፍ የመብረቅ መከላከያ ያስገቡለት፤ መከላከያው ያለ መሬት ገመድ ከንቱ ስለሆነ የመሬት ገመዱ መኖሩን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።

ለእናትዎ ስልኩን ይተዉት። በየቤቱ ጥግ ተረስቶ የተቀመጠ ታብሌት አይጠፋም፤ ከአልጋቸው አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ከቻርጀሩ ጋር ይተዉት፤ ሲነካ የበሩ ካሜራ ብቻ የሚከፈትበት አድርገው ያስተካክሉት። ይህ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ እንዲሠራ ኢንተርኔት በሌለበት ሌሊትም ምስሉን የሚያሳይ ካሜራ ይምረጡ፤ አንዳንዱ ምስሉን በውጭ አገር ባለ አገልጋይ ኮምፒውተር (ሰርቨር) በኩል ካላዞረ አያሳይምና ከመግዛትዎ በፊት ሱቁ ውስጥ የኢንተርኔቱን መስመር አስነቅለው ይሞክሩት። በሩ ላይ ያለው ካሜራ ድምፅ ማውጫ ካለው እዚያው ከአልጋቸው ሆነው «ማነህ?» ማለት ይችላሉ። አንዲት አሮጊት ደንበኛዬ በዚሁ ዘዴ የቆጣሪ አንባቢውን ጨምሮ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከአልጋዋ ሆና ታስተናግዳለች።

ሰርጎ ስለመግባት የሚባለው እውነት ነው፤ ግን በአብዛኛው የሚመጣው በተከፈተ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን የያዘው ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጧቸውን፣ ባለቤቶቻቸው ያልቀየሯቸውን የይለፍ ቃሎች አንድ በአንድ በመሞከር ነበር። ስለዚህ ካሜራው ከመሰቀሉ በፊት የይለፍ ቃሉ ይቀየር፤ ለኢሜይልዎና ለሌላ አፕ የሚጠቀሙበት አይሁን። በስልክ መልእክት ወይም በአፕ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ካለው ያብሩት። የሞደሙንም የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ ተከራዮቹ ዋይፋዩን የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በሞደሙ ላይ ለእንግዳ የሚሆነውን ሌላ መስመር ከፍተው እነሱን ወደዚያ ያውጧቸው፤ ካሜራና ተከራይ በአንድ መስመር ላይ መኖር የለባቸውም። ለወንድምዎና ለጎረቤትዎ የይለፍ ቃልዎን አይስጡ፤ አፑ ለሌላ ሰው የማጋራት አማራጭ አለው፤ ያ ሰው ነገ ቢጣላዎት እሱን ብቻ ያስወጡታል። የካሜራው ፕሮግራም አዲስ ሲወጣ ያድሱት፤ ከማይታወቅ ፋብሪካ የመጣ፣ ዕድሳት የማያገኝ ርካሽ ካሜራ ግን ከነችግሩ ነው የሚያረጀው። የገጠምኩት እኔም ብሆን ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ የይለፍ ቃሉን እንደገና ይቀይሩ፤ አይከፋኝም።

ከመሬት ሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ይስቀሉት፤ ከዚያ ከወጣ የሚቀረጸው የኮፍያ ጫፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ደግሞ በእጅ ይነቀላል። ፊሸሩን ከመምታትዎ በፊት የወንድምዎ ልጅ ጨለማ ሲሆን፣ መብራት ሁሉ ጠፍቶ ሳለ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ተጎንብሶ ብሎን የሚፈታ ሰው መስሎ ይቀመጥ፤ ፊቱን ለይተው ካላወቁት ቦታውን ይቀይሩት።